የሞት መንስኤ ጥናቱ ማመልከቻ፦ እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን አስገቡ

የህብረቱ ጸሐፊ፦
ለእድሮች ህብረታችን የሞት መንስኤ ጥናት ከዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የምንጠይቅበት ማመልከቻ ረቂቅ ተለጥፏል። ዩኒቨርሲቲው ዓርብ ይፈልገዋል። የሁላችንም እድሮች መዝገብ ላይ የሟች ስም፣ ዕድሜና ቀን አለ፤ በምን እንደሞተ ግን የለም። አርባው ካለፈ በኋላ የሠለጠነ ጠያቂ ቤተሰቡ ዘንድ ይሄዳል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? አንድ ጎኑ ሰንፎ ነበር? እግሩ አብጦ ነበር? ከዚያ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው መንስኤውን ይወስናሉ፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ያየዋል። ጎደለ የምትሉትን ጻፉ።

ሲስተር፦
አርባ ለክርስቲያኑ ነው። «ከስድስት ሳምንት በኋላ» በሉት፣ ለሙስሊሙም ይሆናል። ከዓመት ግን አይለፍ፣ ሰው ይረሳል። መግቢያው ላይ ደግሞ የመቃብር ቦታዎቹ ጥናት ይግባ። በፈረንጆቹ 2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በየቤተክርስቲያኑና በየሙስሊም መቃብሩ ቀብር ማስመዝገብ ጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. የኤድስ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር የወጣቱ ሞት መውረዱን ያሳየው ያ መዝገብ ነው። ያኔ ለቀስተኛው «ሳንባ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደነበር እናውቃለን። ለዚህ ነው ምልክቱ አንድ በአንድ የሚጠየቀው።

የላይኛው ሰፈር ዳኛ፦
ገጽ 4 ላይ «ጠያቂዎች የህብረቱ ዓርማ ያለበት ሰደርያ ይለብሳሉ» ይላል። የትኛው ዓርማ? ጡሩምባው ከሆነ የታችኞቹ ነው። እኛ ከእነሱ በፊት ነው የተቋቋምነው። ይህ ሳይስተካከል አልፈርምም።

የታችኛው ሰፈር ጸሐፊ፦
ጡሩምባው በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዎ አለ።

የላይኛው ሰፈር ዳኛ፦
የፈረምኩት ለማኅተም ነው እንጂ ለልብስ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰደርያው ለ22 ሰው ተይዟል። ዓርማው ከተለወጠ ማተሚያ ቤቱ አዲስ ዋጋ ይሰጣል። ያኔ የምቀንሰው ከጠያቂዎቹ ትራንስፖርት ላይ ነው፣ ሌላ የሚነካ ነገር የለም።

የሴቶች እድር ሰብሳቢ፦
ሰደርያ ለምን አስፈለገ? ልጇን የቀበረች እናት ደጃፏ ላይ ጡሩምባ ያለበት ሰው ቆሞ ስታይ ሌላ መርዶ መጣ ብላ ነው የምትወድቀው። ነጠላችንን ለብሰን እንሂድ። መታወቂያ ይበቃል።

የወጣቶች ተወካይ፦
እትዬ፣ እርስዎን ሰፈሩ ያውቅዎታል። እኔን ማን በር ይከፍትልኛል? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥበቃው ራሱ አያስገባኝም። ሰደርያው ይኑር፣ ዓርማው የማንም ይሁን።

የላይኛው ሰፈር ዳኛ፦
«የማንም ይሁን»? ትናንት የመጣ ልጅ ነው እንግዲህ ስለ እድራችን ስም የሚወስነው።

የወጣቶች ተወካይ፦
የተወለድኩት እዚሁ ዶሮ ማነቂያ ነው። እንዲህ ከሆነ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ዶ/ር፦
እባካችሁ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። የሞት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ግዴታ ነው፣ ሥራው የጀመረውም በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ቤት ውስጥ የሞተውን ግን ቤተሰቡ የውርስ ወረቀት ካላስፈለገው በስተቀር ማን ያስመዘግበዋል? ሆስፒታል የሞተውም ቢሆን ወረቀቱ ላይ «ልቡ ቆመ» ተብሎ ያልቃል። የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ይቆማል፣ ይህ መንስኤ አይደለም። ስኳሩ ነው? ግፊቱ ነው? የእናቶችን ሞት ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ100,000 ሕያው ወሊድ 412 እናቶች ይሞታሉ የተባለው ሰዎችን ስለ እህቶቻቸው በመጠየቅ ነው። ካልተጠየቀ አይታወቅም። ቡታጅራ ከ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘገብ ኖሯል። መሀል አዲስ አበባ ላይ እኛ መዝገብ ይዘን ስለ ሰደርያ እንከራከራለን። እናቴ በምን እንደሞተች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ስለዚህ ነው የምጮኸው።

የላይኛው ሰፈር ዳኛ፦
ነፍስ ይማር። ዓርማ ሳይኖረው የህብረቱ ስም ብቻ በጽሑፍ ይውጣ፣ እፈርማለሁ። ቀለሙ ግን ጥቁር አይሁን።

የታችኛው ሰፈር ጸሐፊ፦
ሰማያዊ ይሁን። እኔም ተስማምቻለሁ። አሁን ዋናው ችግር ሌላ ነው። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ አባሎቻችን አራብሳም ገላንም ገብተዋል። መዝገባችን ላይ ያለው የቤት ቁጥር የፈረሰ ቤት ነው። ጠያቂው ማን ጋ ይሄዳል? እዚያ የሞተውንስ መች ሰማን? ባለፈው የአንድ አባላችንን ሞት የሰማነው የወር መዋጮ ስንጠይቅ ነው።

የሴቶች እድር ሰብሳቢ፦
እውነት ነው። ከእኔ መዝገብ ላይ ስልኩ የሚሠራው ከግማሽ በታች ነው። መጀመሪያ ሰዎቻችንን እናግኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እንዲህ ከሆነ በጀቱ ይዙር። ሁለት ኮምፒውተር፣ የስልክ ካርድ፣ ለአራብሳና ለገላን ትራንስፖርት። የሐኪሞቹን አበል ወደ ሁለተኛ ምዕራፍ አሸጋግሬዋለሁ።

ሲስተር፦
አይሆንም! ሐኪሞቹ ከወጡ የቀረው የአባላት መዝገብ ማደሻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ገንዘብ አይሰጥም።

የህብረቱ ጸሐፊ፦
ርዕሱን «የሞት መንስኤ ጥናት ዝግጅትና የአባላት መረጃ ማደስ» ብዬዋለሁ። መረጃ ለማስገባት ስም ያስመዘገቡት አራት ልጆች ስልክ አያነሱም። የወጣቶች ተወካይ፣ አንተስ አለህ?

የህብረቱ ጸሐፊ፦
መልስ የለም። የሚተይብ ሰው ያላችሁ አሳውቁኝ።

ሲስተር፦
እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ አትንኩብኝ። አዲሱ መዝገብ ላይ የሟች የቅርብ ዘመድ ስልክና ሲያስታምም የነበረው ሰው ስም የሚጻፍበት ዓምድ ይኑር። በእኔ እድር ከነገ ጀምሬ ምልክቱንም እጠይቃለሁ።

ዶ/ር፦
ስልኩን ያዢ፣ ዓምዱ ይግባ። ምልክቱን ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድና ቤተሰቡ ፈቃደኝነቱን ሳይፈርም እንዳትጠይቂ፣ በኋላ መረጃውን ማንም አይቀበለንም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሦስተኛው ረቂቅ ነገ 11 ሰዓት ይታተማል። ማኅተሙ እኔ ጋ የለም። ማን ጋ ነው?