ከስፖርት በኋላ ምን ልብላ? ለጠዋት ሯጮች የሞከርኩትን ልንገራችሁ

በቀደም አብራኝ ትሮጥ የነበረች ጓደኛዬ «ሮጬ ስጨርስ ሥራ ለመግባት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ ምን ብበላ ይሻላል?» አለችኝ። በስልክ ልመልስላት ጀመርኩና ወሬው አላልቅ አለ። እሷን የቸገራት ነገር ብዙዎቻችሁንም እንደሚቸግር ስለማውቅ እዚሁ ልጻፈው።

እኔ በሳምንት አራት ቀን መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እሮጣለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አቆማለሁ። 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ መገኘት አለብኝ። ላለፉት አራት ዓመታት በዚህች መሃል ያልሞከርኩት ቁርስ የለም ማለት ይቻላል።

ከስፖርት በኋላ ሰውነት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። በላብ የወጣው ውሃና ጨው መተካት አለበት። ጡንቻ ያቃጠለው ስኳርም መመለስ አለበት፤ እሱ ከእህል፣ ከዳቦና ከፍራፍሬ ይገኛል። የደከመውን ጡንቻ የሚጠግነው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ለአብዛኛው ሰው በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ የማወዳድረው በእሷ ነው።

«በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልበላህ ልፋትህ ከንቱ ነው» የሚሉ አሉ። እንደዚያ አይደለም። በቀን አንድ ጊዜ ለሚሠራ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ደህና ምግብ ካገኘ በቂ ነው። በባዶ ሆድ የሮጠ ሰው ግን ባያቆየው ይሻላል። በቀን ሁለቴ የሚሠራም እንዲሁ ቶሎ መብላት አለበት።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ፉል ነው። ባቄላው ቀድሞ ስለሚበስል ፉል ቤት ገብታችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ እስክትቀመጡ ይደርሳል። አንድ ሳህን ፉል ከአንድ ዳቦ ጋር ከ15 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ዳቦው የሄደውን ኃይል ይመልሳል፣ ጨውም አለው። «ስፔሻል» ካላችሁ እንቁላልና እርጎ ይጨመርበታል፣ ያኔ ከ20 ግራሙ ያልፋል። እኔ ሳዝ «ቅቤ የሌለው፣ ዘይቱን ቀነስ አድርጉት፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙ በዛ ይበል» እላለሁ። ቅቤና ዘይት ሲበዛበት ምግቡ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ቢሮ ገብታችሁ እንቅልፍ ይጫናችኋል። ጥሩ ፉል ቤት የምለየው ድስቱ ቶሎ በማለቁ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ «አልቋል» የሚሉበት ቤት ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑ። ባቄላ ሆዱን ለሚነፋው ሰው ግን ፉል አልመክርም፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ካለበት።

ሁለተኛው በሶ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም በሶን የረሳነው ይመስለኛል። እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚቋጥሩት፣ ገበሬ እርሻ ሲወርድ የሚይዘው ስንቅ ነው። ሊበሉት ሲሉ እሳት አያስፈልገውም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ አይወሳሰብም። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ የገብስ አገር ናት። በሶ ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። 50 ግራም በሶ 35 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ለሮጠ ሰው ጥሩ ማገዶ ነው። ፕሮቲኑ ግን 5 ግራም ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። እኔ ከቤት ሁለት ቅቅል እንቁላል ይዤ እወጣለሁ።

የት ይገዛ? ሦስቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የታሸገ በሶ ቀኑ ተጽፎበታል፣ ንጹሕ ነው፣ ግን አንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ጠረኑ ይጠፋል። ባልትና ቤት፣ ለምሳሌ ሾላ ገበያ አካባቢ ካሉት፣ ትኩስ የተፈጨ ታገኛላችሁ። ስትገዙ ትንሽ ቆንጥራችሁ ቅመሱ። ከመረረ ቆይቷል፣ በጥርስ መሃል ከተንኮሻኮሸ ደግሞ ገብሱ በደንብ አልተለቀመም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ገብሱን ራሳችሁ አስለቅማችሁና አስቆልታችሁ ወፍጮ ቤት መላክ ነው። አንዴ ሦስት ኪሎ ያስፈጨሁት ለረጅም ጊዜ በቅቶኛል።

ስትበጠብጡት መጀመሪያ ውሃውን ግማሽ ድረስ ኮዳ ውስጥ አድርጉ፣ ከዚያ በሶውን፣ ከዚያ ቀሪውን ውሃ። በሶው ከቀደመ ታች ይጓጉላል፣ ብታራግፉትም አይለቅም። አንድ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ጨምሩበት። በቅቤ የታሸውን በሶና ጭኮ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ቅቤ ስለሚበዛባቸው ለረጅም የእግር ጉዞ አስቀምጧቸው።

እንቁላልና ወተት ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ ሲደመር 20። አንድ ሙዝ ጨምሩበት፣ ቁርሳችሁ አለቀ። ምግብ ቤት ለመግባት ጊዜ ለሌለው ሰው ከዚህ የሚሻል አላውቅም። በፌስታል የሚሸጡት እንደ ሾላና ማማ ያሉት ወተቶች ፓስቸራይዝድ ናቸው። ከሰፈር ላም የምትገዙትን ግን ሳታፈሉ አትጠጡ፤ ጥሬ ወተት ከባድ በሽታ ያስተላልፋል። ወተት ሆዱን የሚረብሸው ሰው እርጎ ይሞክር። ሲረጋ የወተቱ ስኳር ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይስማማዋል።

አሁን ጁስ ቤት። ብዙ ሰው ከጂም ወጥቶ ቀጥታ ወደዚያ ነው የሚሄደው፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ትልቅ ስፕሪስ ያጠግባል፣ ፕሮቲኑ ግን ከጥቂት ግራም አያልፍም። አቮካዶው ቅባት ነው፤ ደግ ቅባት ነው፣ ግን ጡንቻ የሚጠግነው እሱ አይደለም። ላዩ ላይ ስኳርና ሽሮፕ ሲጨመርበት ደግሞ የሮጣችሁለት ነገር ይጠፋል። በእኔ ሰፈር በአንድ ስፕሪስ ዋጋ ሁለት እንቁላልና ሙዝ ገዝቼ መልስ ይተርፈኛል። ሌላው ንጽሕና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጁስ ቤት ጠጥቼ ሦስት ቀን ሆዴን ታምሜ ተኛሁ። ከታላቁ ሩጫ በፊት ያለችው ሳምንት ነበረች፣ የዚያን ዓመት ሩጫም አመለጠኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የምገባው ፍሬው ፊቴ ታጥቦ የሚቆረጥበትና ውሃው የታሸገ የሆነበት ቤት ብቻ ነው። ስታዙ «ያለ ስኳር፣ በወተት» በሉ። ፓፓያ በወተት ከስፕሪስ ይሻላል።

ስለ ፕሮቲን ዱቄትም ጠይቃችሁኛል። አንድ መለኪያው ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል፣ ይሠራል። ግን በቀን ሦስቴ ደህና ለሚበላ ሰው የግድ አይደለም፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ከገዛችሁ እሽጉ ያልተከፈተ፣ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን እዩ። ተቆንጥሮ በላስቲክ የሚሸጠውን በፍጹም አትንኩ።

ጨጨብሳ፣ ፈጢራ፣ ቦምቦሊኖ፦ እሑድ ከቤተሰብ ጋር ብሉ፣ በሥራ ቀን ይቅርባችሁ። ካፌዎች የሚሸጡት የአጃ ሾርባ ግን በወተት ከሆነ መልካም ነው። ቅንጬም እንዲሁ።

በጾም ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። እንቁላሉም ወተቱም እርጎውም የለም። የተለመደው የፕሮቲን ዱቄት ዌይ ከሚባለው የወተት አጓት ስለሚሠራ እሱም አይሆንም። በእኔ በኩል የጾም ፉል ቀዳሚ ነው። ቀጥሎ ለውዝ፦ 50 ግራም ለውዝ 12 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ከበሶ ጋር ሲሆን ወደ ቁጥራችን ይጠጋል። የሽምብራና የለውዝ ቆሎ ቀላቅላችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን ጠዋት ጠንክራችሁ አትሩጡ። እኔ በዐቢይ ጾም ሩጫዬን ወደ 8 ሰዓት አዞራለሁ፣ እንደጨረስኩ ሽሮ በእንጀራ እበላለሁ። በረመዳን የሚጾሙ የሩጫ ጓደኞቼም ከመግሪብ በፊት ቀለል አድርገው ይሮጡና በተምርና በውሃ ይፈታሉ፣ ከዚያ ሾርባ። ሳምቡሳው ኋላ ይደርሳል።

ውሃን አትርሱ። ሚዛን ካላችሁ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀስ እያላችሁ ጠጡ። አምቦ ውሃ ጥሩ ነው፣ ግን ጋዙ ቶሎ ሆድ ስለሚሞላ መጀመሪያ ተራውን ውሃ አስቀድሙ።

ጓደኛዬ የምትሮጠው አሁን ሲኤምሲ በኩል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚከፍት፣ የጾም ፉሉ ዘይት የማይበዛበት ቤት በዚያ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።