ጥቆማ፦ የመጸው ቅጠል ብርድ ልብስ፣ ጨርቁ ከየት? መስፊያው የት? (ደብረ ማርቆስና አካባቢው)

ፎቶውን አይታችሁ «ጨርቁን ከየት አመጣሽው? ማን ሰፋልሽ?» ላላችሁኝ ሁሉ እዚሁ ልመልስ። ኩዊልት የሚሉት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተቀጣጠለ የሚሰፋው ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ግን ገና ስታየው «ይሄን ሁሉ የደከምሽው ለድሪቶ ነው?» ብላኛለች።

ንድፉ ካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው የሜፕል ቅጠል ነው። እኛ ጋ ሜፕል ባይኖርም ብሳና አለ። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል እንዴት ብርቱካናማ እንደሚሆን ልብ ብላችኋል? ቀለሙን የወሰድኩት ከዚያ ነው። ቢጫውን ከኑግ ማሳ፣ ቡናማውን ከደረሰ ጤፍ አመጣሁት። በኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ስለሆነ ቀለሙን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ደጅ መውጣት ይበቃል።

አንዱ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ቅጠል የሚወጣበት ክፍል፣ 9 ካሬ ቁራጭ ነው፣ ሦስት በሦስት። ሦስቱ ሙሉ የቅጠል ቀለም፣ አራቱ በሰያፍ ተከፍለው ግማሽ ቅጠል ግማሽ መደብ (ከቅጠሉ ጀርባ የሚታየው ጨርቅ)፣ አንዱ ባዶ መደብ፣ የቀረው የቅጠሉ ጭራ ያለበት።

ጨርቅ። በረንዳ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ብጣሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ካወቁሽ በነፃ ይሰጡሻል። ግን ጎጃም ነውና ከማዳበሪያው የሚወጣው አብዛኛው የቁምጣ ትርፍ፣ አረንጓዴ ነው! እኔ ገና ያልደረሰ ቅጠል አደረግሁት። ቴትሮንም ይበዛበታል፤ ካውያ ከጋለበት ያብለጨልጫል። ለመለየት አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው። እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ከሠራ ፕላስቲክ አለበት።

ለእኔ አንደኛው ሰልባጅ ነው። የወንድ የጥጥ ሸሚዝ ፈልጊ፣ ጀርባው ሰፊ ነው። ቡናማውንና የዛገ ብረት የሚመስለውን ቀለም ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሱቅ የገዛሁት ለመደቡ አቡጀዲ ብቻ ነው፤ ሳታጥቢ እንዳትቆርጪው፣ ይሰበሰባል።

መስፊያ። እዚህ ላይ ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ብሎኮች ጥሩ ሱሪ ለሚሰፋ ሰው ሰጠሁ። ካሬዎቹን 11.5 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ነበር የቆረጥኳቸው፤ ስፌቱ ከጠርዝ 0.75 ሲገባ ብሎኩ 31.5 ይወጣል። እሱ እንደ ሱሪ 1.5 አስገባበት። 28.5 ሆኖ መጣ፣ የቅጠሎቹም ጫፍ ሁሉ ስፌት ውስጥ ተቀብሯል። ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት። ስለዚህ ለማንም ብትሰጡ መጀመሪያ አንድ ብሎክ ብቻ አሰፉ፣ ለኩት፣ ከዚያ ቀሪውን ስጡ። በሰያፍ ለሚከፈሉት ደግሞ 13 አድርጋችሁ ቁረጡና ከተሰፋ በኋላ ወደ 11.5 አስተካክሉ። የስፌት መኪና ለመግዛት ለምታስቡ፣ የእግሩ ሲንጀር ከኤሌክትሪኩ ይሻላችኋል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም፣ ቀስ ብሎም ይታዘዛል።

አደራደሩ ነው ያከረመኝ። ፀጉራም ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ብሎኮቹን ለጠፍኩበት፤ ጥጥ ያለ መርፌ ይይዛል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዞርኳቸው፣ ነፋስ የወሰዳቸው መሰሉ፣ ግን አሰለቹኝ። አራት አራቱን ጫፋቸውን ወደ መሃል ሳዞር ደግሞ ተጨናነቁ። ከዚያ ጭራቸውን መሃል ላይ አገናኘሁት፤ አራቱ ቅጠል አንድ ትልቅ አበባ ሆነና ቀረሁበት። ያኔ እናቴም «እንዲህማ ከሆነ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ብርቱካናማውና ቡናማው እኩል ግራጫ ከሆኑ ቅጠሉ ከሩቅ አይለይም፣ አንዱን ቀይሩ።

— እህቴ፣ ውስጡ ምን ከተትሽበት? ስፖንጅ ነው?
ስፖንጁ ሲታጠብ ተጓጉሎብኛል። ያረጀ ጋቢ ዘርግቼ ነው የሰፋሁት። ከበድ ይላል፣ ለማርቆስ ብርድ ግን እሱ ነው።

— ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ እዚህ ያን ያህል ብርድ የለም።
እንግዲያው አንቺ ነጠላ አድርጊበት።

— ዋጋውንስ ለምን አልጻፍሽም?
በየሳምንቱ ይለዋወጣላ! ስፌቱን ግን በብሎክ ቁጥር ተዋዋሉ። በቀን የተስማማሁ ጊዜ ሰውየው ከሻይ አልተመለሰም።

— አረንጓዴ ቁምጣ ብጣሽ የተረፈሽ አለ?
ግማሽ ማዳበሪያ። ቅዳሜ ነይና ውሰጂ።