ላፕቶፑ ተከድኖ ሲያድር ባትሪው ያልቃል፤ ባትሪ ልቀይር?

ባለ ኮፒ ቤቷ (አራት ኪሎ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የኮፒና የጽሕፈት ሥራ አለኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ በዊንዶውስ ሳለ ደኅና ያድር ነበር፤ እርሱን አጥፍቼ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ቀን እንከን የለውም። ትናንት ማታ ግን 80 በመቶ ቻርጅ እያለው ከድኜ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፤ ታክሲ ውስጥ ጭኔን አሞቀኝ፤ ጠዋት ስከፍተው ባዶ ነው። ሲነሣም «ፈርምዌር በግ» (የፈርምዌር ስሕተት) የሚል መስመር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያሳየሁት ጠጋኝ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። ልግዛ?

ካዛንቺስ፦ እኅቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። የሞተ ባትሪ ቀንም ያስቸግርሽ ነበር። ላፕቶፕ የሚተኛበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከማኅደረ ትውስታው በቀር ሁሉንም ማለት ይቻላል ያጠፋል፣ ሁለተኛው ሁሉንም እያንቀላፋ ያቆያል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚመርጠው ፈርምዌሩ፣ ማለት አምራቹ ማዘርቦርዱ ላይ የጫነው ፕሮግራም፣ ስለ ራሱ የሚሰጠውን ቃል አምኖ ነው። «በትንሽ ኃይል ማንቀላፋት እችላለሁ» ካለው ሁለተኛውን ይይዛል። ቃሉ ውሸት ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ይግላል። «ሲስ» ማኅደር ውስጥ «ፓወር»፣ እርሱ ውስጥ «ሜም ስሊፕ» የሚባል ፋይል አለ፤ ክፈቺው። በማዕዘን ቅንፍ የተከበበው ቃል አሁን የሚሠራበት ነው።

ባለ ኮፒ ቤቷ፦ ሁለት ቃል አለ። የተከበበው «ኤስ ቱ አይድል» ነው፤ ጎኑ «ዲፕ» ይላል።

ካዛንቺስ፦ እንዳልኩት ነው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን «ዲፕ» የሚለውን ቃል እዚያው ፋይል ላይ ጻፊና ክደኚው። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ ለሙከራ አያስፈራም።

ስታዲየም ዙሪያ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመክደንሽ በፊት የደንበኞችሽን ሰነድ አስቀምጪ። አንዳንዱ ፈርምዌር «ዲፕ» ላይ ተኝቶ አይነቃም፤ ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል። ያኔ እስኪጠፋ ድረስ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነሽ መያዝ ብቻ ነው። ያ የሚያልፈው መስመር ደግሞ አያስደንግጥሽ፤ ብዙ ጊዜ ከርነሉ ስሕተቱን አይቶ መላ እንዳበጀለት ነው የሚናገረው።

ፒያሳ፦ ለምን ትደክማላችሁ? የባዮሱን (የዚያኑ ፈርምዌር) ተለዋዋጮች፣ ማለት ቅንብሮቹን የያዙትን ፋይሎች፣ በሙሉ ማጥፋት ነው፤ ንጹሕ ይሆናል።

ስታዲየም ዙሪያ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ለሰው አትምከር! እነዚያን ፋይሎች በማጥፋት ዳግም ያልተነሡ ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዳንዱ ፈርምዌር የጎደለበትን መልሶ መሥራት አይችልም። በ2016 እ.ኤ.አ. የከርነሉ ሰዎች አብዛኞቹን በቀላሉ እንዳይጠፉ የቆለፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ፦ የባዮስ ማሻሻያ ካለም ይረዳል፤ ግን ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ። መብራት የሚሄድበትን ሰዓት እናንተ ሰፈር እናንተ ታውቃላችሁ፤ መሐል ላይ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ማዘርቦርዱን እስከ መቀየር ልትደርሺ ትችያለሽ።

ባለ ኮፒ ቤቷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማታ በ80 ከደንኩት፣ ጠዋት 77 አገኘሁት፤ ከፈትኩትና ወዲያው ነቃ። ቦርሳውም ቀዝቃዛ ነበር። ግን በዊንዶውስ ለምን ደኅና ሆነ?

ካዛንቺስ፦ አምራቹ የሚፈትሸው በዊንዶውስ ነው። ፈርምዌሩ «ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሊኑክስም «ዊንዶውስ ነኝ» የሚለው ወዶ አይደለም፤ እውነቱን ከተናገረ ማንም ባልሞከረው መንገድ ይመራዋል። አሁን የግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ማስነሻ መስመር ላይ «ሜም ስሊፕ ዲፎልት» እኩል ይሆናል «ዲፕ» ብለሽ ጨምሪ፤ በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ እንጂ ባዶ ቦታ አይግባ። ከዚያ ግራብን አድሺ፤ ያለዚያ ነገ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ስታበሪው ቦርሳው እንደገና ይሞቃል። የላፕቶፑን ሞዴልና የባዮሱን ቁጥር እዚህ ጻፊልኝ። ከርነሉ ውስጥ በየሞዴሉ የተለየ ሕግ የሚሰጥ ዝርዝር አለ፤ ያንቺ ከሌለበት ለሠሪዎቹ እጽፍላቸዋለሁ።

ባለ ኮፒ ቤቷ፦ ሱቅ ስገባ ከሥሩ የተለጠፈውን አነብልሃለሁ። ግማሹ ተፍቋል።

ስታዲየም ዙሪያ፦ ከሥሩ አታንብቢ፤ «ዲኤምአይ ዲኮድ» የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስጪው፣ ራሱ ይነግርሻል።