የላክሁት ፒዲኤፍ «ባዶ ነው» ተባልኩ

መመሪያ አዘጋጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጠውን መመሪያ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ዓይነ ስውር ባልደረባ ተቀላቀለን፤ እንደ ሌላው ሁሉ ፒዲኤፉን በኢሜይል ላክሁለት። ከሰዓት በኋላ ደወለና «ፋይሉ ባዶ ነው፣ እንደገና ላክልኝ» አለኝ። ከፍቼ አየሁት፣ ሁሉም ገጽ አለ። ደግሜ ላክሁ። አሁንም ባዶ። ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ የጆሮ ማዳመጫውን ተቀብዬ ስሰማ ስክሪን ሪደሩ (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) እውነትም ባዶ ገጽ ነው እያለ ያልፋል። ለእኔ ስክሪኑ ጢም ብሎ በጽሑፍ ተሞልቷል፣ እሱ አንዲት ቃል አይሰማም። በጣም አዘንኩ። ፋይሉ ተፈርሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ስካን ተደርጎ ነው። የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይሉ አለኝ፤ እሱን ብልክለት ይበቃል?

በጆሮ አንባቢ፦
እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ ይህንንም በስክሪን ሪደር ነው የምጽፍልህ። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው። ፎቶ ውስጥ ፊደል የለም፣ ስለዚህ የሚነበብ ነገር የለም። የወርዱን ፋይል መላክህ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ርዕሶቹን እንዴት ነው የሠራሃቸው? ፊደሉን አተልቀህና አድምቀህ ብቻ ከሆነ ለእኔ ርዕስ አይደሉም። አንተ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገህ «የዓመት ፈቃድ» የሚለውን በዓይንህ ታገኘዋለህ። እኔ ደግሞ በኤንቪዲኤ (የምጠቀምበት ስክሪን ሪደር ነው) «ኤች» የሚለውን ቁልፍ እየተጫንኩ ከርዕስ ወደ ርዕስ እዘላለሁ። ይህ የሚሠራው ግን ወርድ ላይ ካለው ስታይልስ ውስጥ «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» ተብሎ ከተመረጠ ብቻ ነው። አለዚያ አንዲት መስመር ፍለጋ ሰነዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማዳመጥ አለብኝ። ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ያደክማል።

ሊንክም ካለ «እዚህ ይጫኑ» አትበል። የሊንኮቹን ዝርዝር ለብቻው ስከፍት አሥሩም «እዚህ ይጫኑ» ይሉኛል፤ የቱ የት እንደሚወስደኝ በምን አውቃለሁ?

ፊደል ለቃሚ፦
አማርኛ ሰነድ ስለሆነ ፎንቱን ሳታይ እንዳታልፍ። የጥንቶቹ ፎንቶች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) አይደሉም፤ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ለዓይን «ሰ» ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ግን የፈረንጅ ፊደል ወይም ምልክት ነው፣ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው እሱን ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ እስካሁን ግን በድሮው ፎንት የሚተየብ ደብዳቤ ይደርሰኛል። አንዱን አንቀጽ ኮፒ አድርገህ ኖትፓድ ላይ ለጥፈው። ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ከወጣ ፎንት መቀየር ብቻውን አያድንህም፣ በመለወጫ ፕሮግራም ማለፍ ወይም እንደገና መተየብ አለበት።

ወርዱ የጠፋባቸው የቆዩ ስካኖች ካሉህ ደግሞ ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከምስል ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያወጣል። ተመሳሳይ ፊደሎችን ስለሚያምታታ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት።

መመሪያ አዘጋጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎንቱ ደህና ነው፣ ኖትፓድ ላይም አማርኛ ሆኖ ነው የተለጠፈው። ርዕሶቹ ግን እንዳላችሁት ናቸው፣ በማድመቅ ብቻ የተሠሩ። ኤንቪዲኤን ጫንኩና ስክሪኑን አጥፍቼ ሞከርኩት። ነፃ መሆኑንም አላውቅም ነበር። የሥራ ሰዓት ሰንጠረዡ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እኔ በታብ እያራቅኩ ነበር የጻፍኩት፣ የሚሰማው «ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ ጠዋት ጠዋት ከሰዓት» ነው። የቱ ቀን ከየትኛው ሰዓት ጋር እንደሚሄድ ጸሐፊው እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ።

ሰነድ አራሚ፦
ያንን አፍርስና በኢንሰርት ቴብል እውነተኛ ሰንጠረዥ ሥራው፤ የመጀመሪያውን ረድፍ የራስጌ ረድፍ አድርገው፣ ሴሎችን አታዋህድ። ለምስሎቹ አልት ቴክስት (ስክሪን ሪደሩ በምስሉ ፋንታ የሚያነበው መግለጫ) ጻፍ። «ምስል» ብለህ አትለፍ፣ ምስሉ የሚናገረውን ጻፍ፦ «ጥያቄው ከሠራተኛው ወደ ቅርብ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ሰው ሀብት ይሄዳል»። ለጌጥ የገባውን ጌጥ ነው ብለህ ምልክት አድርግበት፣ ጆሮ አያሰልች። ጽሑፉና ጀርባው ቢያንስ 4.5 ለ1 የንፅፅር ልዩነት ይኑራቸው፤ ፈዛዛ ግራጫ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች አይታይም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይር በፕሪንት በኩል አታድርገው፣ የደከምክበት አደረጃጀት ይጠፋል። ሴቭ አዝ ብለህ ፒዲኤፍ ምረጥ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ስለ አክሰሲቢሊቲ ታግ (ርዕሱንና ሰንጠረዡን ለስክሪን ሪደር የሚለይ ስውር ምልክት) የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እይ። ከዚያ በፊት ሪቪው ውስጥ ያለውን የአክሰሲቢሊቲ ማረጋገጫ አስኬደው። የጎደለ አልት ቴክስት ያገኝልሃል፣ የጻፍከው ትርጉም ይስጥ አይስጥ ግን አያውቅም።

መመሪያ አዘጋጅ፦
ፊርማና ማኅተሙስ? አለቃዬ ያለ እሱ አይወጣም ይላሉ።

በጆሮ አንባቢ፦
ሁለቱንም ላክለት፣ ስካኑን ለማስረጃ፣ የሚነበበውን ለሥራ። የፋይሉንም ስም ቀይረው። «ስካን 0017» የሚል ፋይል ሲደርሰኝ ምን እንደሆነ የማውቀው ከፍቼ ነው፣ ስካን ከሆነ ደግሞ ከከፈትኩት በኋላም አላውቅም። «የሠራተኞች መመሪያ፣ የሚነበብ» ብትለው ይበቃል።