የ14 ዓመት ድመት፣ የላይኛው የደም ግፊት 176፦ መድኃኒት ይጀመር ወይስ ልኬቱ ይደገም?

ጥያቄ
ድመቷ 3.8 ኪሎ ትመዝናለች። ለጥርስ ምርመራ በሄደችበት ግፊቷ ሲለካ 176 ወጣ። የተለካው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ከማጓጓዣ ሳጥኗ እንደወጣች። ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ውሃ ግን አብዝታለች። ሐኪሙ አምሎዲፒን (የደም ግፊት ማውረጃ መድኃኒት) እንጀምር ይላል፤ ያለው 5 ሚሊግራም እንክብል ነው። አንድ ልኬት ይበቃል? እንክብሉስ እንዴት ይከፈላል?

መልስ 1
አይበቃም። ፍርሃት ብቻውን የድመትን ግፊት ከ160 በላይ ያደርሰዋል። ጸጥ ባለ ክፍል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ትረጋጋ፣ ከዚያ ይለካ። የመለኪያው መጠቅለያ ወርድ ከእግሯ ዙሪያ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይሁን፤ ከጠበበ ቁጥሩን ያንረዋል፣ ከሰፋ ዝቅ ያደርገዋል። የሚለካው እግር ወይም ጅራት ከልቧ ትይዩ መሆን አለበት (ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል)። የመጀመሪያው ንባብ ይጣል፤ ከሚቀጥሉት ከ5 እስከ 7 የሚሆኑት አማካያቸው ይያዝ። አማካዩ 160 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተደገመ ይታከማል።

ዓይኗ ግን ዛሬውኑ ይታይ። ሬቲናዋ (ከዓይኗ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ከተላቀቀ ወይም ዓይኗ ውስጥ ደም ካለ ሁለተኛ ልኬት አይጠበቅም፣ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል። ቤት ውስጥ የሚታየው ምልክት ብሌኗ በብርሃን አለመጥበቡና ከዕቃ ጋር መጋጨቷ ነው።

መልስ 2
ውሃ ማብዛቷ አይታለፍ። በአረጋውያን ድመቶች ግፊት አብዛኛውን ጊዜ የኩላሊት ድካም ወይም የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት ተከታይ ነው። ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞን) ከደም፣ የሽንቱ መቅጠን ወይም መወፈርና ፕሮቲን ከሽንት ይመርመሩ። ታይሮይዱ ታክሞም ግፊቱ ላይወርድ ይችላል፤ እንዲያውም ከሕክምናው በኋላ የሚጀምርባቸው አሉ።

መልስ 3
ስለ እንክብሉ፦ የተለመደው መነሻ በቀን አንዴ 0.625 ሚሊግራም ነው፤ የ5 ሚሊግራሙ አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው። እንክብል ስምንት ቦታ ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ቁራሹም እኩል አይወጣም። የ2.5 ሚሊግራሙን በእንክብል መቁረጫ አራት ቦታ መክፈል ይሻላል። ከጀመረች በ7 እስከ 10 ቀን ግፊቷ ይለካ፤ ግቡ ከ160 በታች፣ ከተቻለ ከ140 በታች ነው። ካልወረደ መጠኑን ሐኪሙ ወደ 1.25 ሚሊግራም ያሳድገዋል። የተረሳ መጠን በእጥፍ አይካስ። ቁጥሩ ጥሩ ሆነ ተብሎም አይቋረጥ፤ ተመልሶ ይወጣል።

ጠያቂ
ጨው ያልበዛበት ምግብ ብቻውን አያወርደውም?

መልስ 1
አያወርደውም። ለኩላሊቷ የሚስማማ ምግብ ከታዘዘላት ሌላ ጉዳይ ነው።