የመጀመሪያው ጉድጓድ ደረቅ ወጣብን፤ አሁን በጂኦፊዚክስ ማስጠናቱ ያዋጣል?

ጠያቂ (የውሃ ኮሚቴ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከድሬዳዋ ወጣ ያለ ገጠር ነው የምንኖረው። አምና ከየቤቱ አዋጥተን ጉድጓድ አስቆፈርን። ቦታውን የመረጠው ቆፋሪው ነው፤ መኪናው የሚገባበትን አየና እዚያው ተከለ። 120 ሜትር ወርዶ አቧራ ብቻ ተፋ። እናቶቻችን ጀሪካናቸውን ይዘው ከበው ቆመው ነበር፤ ባዶውን ይዘው ተመለሱ። አሁን አንድ ባለሙያ በጂኦፊዚክስ (ሳይቆፈር ከላይ ሆኖ ከመሬቱ ሥር ያለውን በሚለካ መሣሪያ) ይጠና ይለናል። ሽማግሌዎቹ «ደግሞ ሌላ ብር?» ብለው አኮረፉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ባለሪግ፦
አይዞህ ወንድሜ። ቁፋሮ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። ቁፋሮ የሚከፈለው በሜትር ነው፤ ደረቅ ቢወጣም ይከፈላል። የጥናቱ ወጪ ከአንድ ደረቅ ጉድጓድ በብዙ ያንሳል። ሽማግሌዎቹን ይህን በላቸው። ግን «መሣሪያው ውሃ ያሳያል» ብለህ ቃል እንዳትገባ!

ጂኦሎጂ አስተማሪ፦
ባለሪግ እውነቱን ነው። መሣሪያው የሚለካው መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። አራት የብረት ችንካር በአንድ መስመር ይተከላል። በሁለቱ ዳርቻዎች ከባትሪ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ በመሃለኞቹ ቮልቴጅ ይነበባል። የዳሮቹ ችንካሮች ሲራራቁ መሣሪያው ይበልጥ ጥልቅ ያለውን ያነባል። የእኛ መሬት ደረቅ ስለሆነ ችንካሩ ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ሲያፈሱ ብታይ አትደንግጥ፤ ኤሌክትሪኩ እንዲገባ ነው።

አተረጓጎሙ ላይ ነው ችግሩ። ድፍን የኖራ ድንጋይ ንባቡ ከፍ ይላል። ተሰነጣጥቆ ውሃ የያዘ ከሆነ ዝቅ ይላል። ግን ሸክላ አፈርም ጨዋማ ውሃም ንባቡን ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ በእግሩ ዞሮ ድንጋዩን ማየት አለበት። ድሬ ያለችው ከስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ሥር ነው፤ መሬቱ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወርዷል። ትንሽ ፈቀቅ ስትል የምታገኘው ሌላ ነው። ውሃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በስብራቱ አካባቢ ነው።

ጠያቂ፦
ተባረክ መምህር። ሰፈራችን ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው፣ ችግር አለው?

ጂኦሎጂ አስተማሪ፦
አለው። ሐዲድ፣ የተቀበረ ቧንቧ፣ የሽቦ አጥር ኤሌክትሪኩን ይስባሉ። የችንካሮቹ መስመር ከነሱ ይራቅ። 150 ሜትር ጥልቀት ለማየት ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ማሳ ካለ ባለቤቱን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

የጀጎል ልጅ፦
እኔ ከሐረር ነኝ። የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ያጠጣን ነበር፤ ከዓመታት በፊት ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ ይመጣልናል። ስለዚህ አቦ፣ ውሃ ስታገኙ ወዲያው ትልቅ ፓምፕ አትጫኑ! የፓምፕ ሙከራ አስደርጉ፤ ጉድጓዱ ስንት ሊትር ያለ ጉዳት እንደሚሰጥ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ የውሃውን ከፍታ በየወሩ በገመድ ለክታችሁ መዝግቡ። ላቦራቶሪም ይታይ፤ ናይትሬት (ከሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገባ ንጥረ ነገር) በዓይንም በምላስም አይለይም፣ ሕፃናትን ይጎዳል። ሽንት ቤት ከጉድጓዱ በላይ በኩል አይሁን።

ባለሪግ፦
ወንድሜ፣ የደረቀውን ጉድጓድ ደብተር ከቆፋሪው ተቀበል። በየትኛው ጥልቀት ምን እንደወጣ የሚጻፍበት ነው።

ጠያቂ፦
አግኝቼዋለሁ! እስከ 35 ሜትር አሸዋና ጠጠር፣ እስከ 60 ቢጫ ሸክላ፣ ከዚያ እስከ ታች ነጭ ድፍን ድንጋይ ይላል።

ጂኦሎጂ አስተማሪ፦
ይህ ለባለሙያው ትልቅ ሀብት ነው። የመጀመሪያውን ልኬት ደረቁ ጉድጓድ አጠገብ ያድርግ፤ ሸክላውና ድፍኑ ድንጋይ በመሣሪያው ምን እንደሚመስሉ ያውቅበታል። ከዚያ ወደ ስብራቱ ይሂድ። በውሉ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ቢያንስ ሁለት የቁፋሮ ነጥብ በቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ የሚጠበቀው ጥልቀት፣ እና በቁፋሮው ቀን ባለሙያው ራሱ ቦታው ላይ እንዲገኝ። ሽማግሌዎቹንም በልኬቱ ቀን ጥሯቸው፤ የድሮ ምንጭ የት እንደነበር ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለን። ደብተሩን ይዤ እገባለሁ።