ጨዋታውን ይወዱታል፣ ሒሳቡ ግን አልገባቸውም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም መምህራን። 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ 52 ተማሪዎች አሉኝ። ያለኝ አንድ ፕሮጀክተርና የራሴ ስልክ ነው። ጥቂት ታብሌቶች ተውሼ ካሁት (Kahoot) በሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድር መተግበሪያ የክፍልፋይ ጥያቄዎች አጫወትኳቸው። ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ! በማግስቱ በወረቀት ስፈትናቸው ግን ብዙዎቹ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ጻፉ። የሚያሸንፉትም ሁሌ እነዚያው ሦስት ልጆች ናቸው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ሒሳብ ትችላለች፣ ግን ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቅባታል። እሷን ሳይ ሆዴ ይባባል። ጨዋታውን ልተወው?

ጠመኔ፦ ኧረ አይተዉት። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ካሁት በአንድ ጥያቄ እስከ 1000 ነጥብ ይሰጣል። በትክክል መልሶ የዘገየ ልጅ ወደ 500 ይወርዳል። አስቦ የሚሠራው ይጎዳል ማለት ነው። ሰዓቱን ወደ 2 ደቂቃ ያርዝሙት፤ ነጥቡንም ያጥፉት። ማጥፊያው እዚያው ጥያቄው ማስተካከያ ላይ አለ።

የፊዚክስ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ታብሌቶቹንም መልሳቸው። ፕሊከርስ የሚባል አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የታተመ ካርድ ትሰጣለህ፤ አራቱ ጎኖች አራት ምርጫዎች ናቸው። ልጁ የመረጠውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ያነሳል፣ አንተ በስልክህ ካሜራ ክፍሉን ትቃኛለህ። ማን ምን እንደመለሰ ስልክህ ላይ ይመጣል። የካርዱ ምስል ስለማይነበብ ከጓደኛ መቅዳት ይከብዳል። የተለመደው ጥቅል 40 ካርድ ነው፤ ላንተ ባለ 63ቱን አትም።

የድሮ አስተማሪ፦ እኔ ደግሞ ምርጫዎቹን እዩ እላለሁ። ለዚሁ ጥያቄ 5/6፣ 2/5፣ 2/6 እና 1/6 ብለው ያቅርቡ። 2/5 ያለው ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል። 2/6 ያለው የጋራ ታህቱን አግኝቶ ላዕሉን ረስቷል። 1/6 ያለው አባዝቷል። ስህተቱ ራሱ ምን ማስተማር እንዳለብዎ ይነግርዎታል። ከዚያ መልሱን ወዲያው አይንገሩ! አጠገባቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከሩ፣ እንደገና ይምረጡ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሠራበት ዘዴ ነው። እኔ ከየትኛውም መተግበሪያ በላይ የምተማመነው በዚህ ክርክር ነው።

የፊዚክስ መምህርት፦ እውነት ነው። ክፍልፋይን በዓይናቸው እንዲያዩት ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲን ፌት (PhET) የተባለ እየነካኩ የሚማሩበት የኮምፒውተር ማሳያ ሞክር። ነፃ ነው፤ አንዴ ካወረድከው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካርዶቹን አትሜ ዛሬ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ዙር ብዙዎቹ 2/5 አሉ። መልሱን ሳልናገር «ተወያዩ» አልኳቸው። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ካርዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ታገኛለህ?» አለችው። ልጁ ዝም ብሎ ካርዱን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አዞረው።